በአሮጌው መንገድ ላይ የቀረችው ጥሪ

ጎረቤቶቼ ይመስክሩ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ደጃፍ ላይ ተሰብስበው ስለ ዛርና ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ፣ «ይህማ ነፋስ ነው፣ ይህማ የላላ ሽቦ ነው፣ ይህማ እራት ሳይበሉ መተኛት ነው» እያልኩ ጨዋታቸውን የማበላሸው እኔ ነኝ፣ በዚህም የተነሣ ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ፣ ከጀርባዬ «ፈረንጇ» ይሉኛል፣ የማልሰማ ይመስላቸዋል፣ እሰማለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ከማሽን ጋር ነው፣ ማሽን ደግሞ እንደ ሰው አይቀጥፍም፣ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፣ ካልሠራም ምክንያቱን ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የከተራ ዕለት የገጠመኝን ስነግራችሁ ልታስፈራራን ነው ብላችሁ አትዘጋጁ፣ እኔም ምክንያቱን ፈልጌአለሁ፣ እስካሁንም እየፈለግሁ ነው። ንስሐ እየገባሁም አይደለም፣ ለዚያ የነፍስ አባት አለኝ። የምጽፈው ሌሎች ስለኔ ብዙ ስላወሩ፣ አንድ ጊዜ እኔም ተራዬን ላውራ ብዬ ነው።

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም። ሥራችን በደጋውም በቆላውም ያሉ ጤና ጣቢያዎችን ከጎንደር ጋር በኔትወርክ ማገናኘት ነው፣ ኮምፒውተራቸውም የጠረጴዛ ስልካቸውም በኛ መስመር ነው የሚያልፈው። በኔትወርክ የሚሄድ ነገር ሁሉ፣ የሰው ድምፅም ቢሆን፣ ተቆራርጦ በትናንሽ እሽግ ነው የሚጓዘው፣ ፓኬት እንለዋለን፣ ራውተር የሚባለው ማሽን ደግሞ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ሰው እያንዳንዱን እሽግ «አንተ በዚህ ሂድ፣ አንተ በዚያ» ይለዋል። ራውተሩን የማዘው እኔ ነኝ። መንገድ መቀየር ሲያስፈልግ ታዲያ፣ ቸኩላችሁ አሮጌውን ብትዘጉት፣ በጉዞ ላይ ያሉት እሽጎች መድረሻ አጥተው ይጠፋሉ፣ ያኔ የሰው ንግግር መሐሉ ላይ ይጎመዳል፣ ሐኪሙ «መርፌውን ስጧት» ይላል፣ እዚያ ጫፍ ያለችው ነርስ የምትሰማው ዝምታ ብቻ ነው።

እኔ እሽግ ጥዬ አላውቅም። ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም፣ የትውልድ መንደሬ ትክል ድንጋይ ነው፣ ገና ሕፃን ሆኜ፣ አባቴ የመስኖ ውሃ ሲያዞር አይቼ። መጀመሪያ አዲሱን ቦይ ይከፍታል፣ ውሃው ለጊዜው በሁለቱም ይፈሳል፣ ከዚያ በአሮጌው ቦይ የጀመረው ውሃ ማሳው ድረስ ሄዶ እስኪያልቅ በዶማው ተደግፎ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ነው በጭቃ የሚደፍነው። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ አዲሱን መንገድ እከፍታለሁ፣ አዲስ የሚጀመር ጥሪ ሁሉ በአዲሱ ይሄዳል፣ የተጀመረው ግን በጀመረበት ይጨርሳል፣ የመጨረሻው ሲያልቅ አሮጌውን እሰርዛለሁ። አለቃዬ ገዳሙ ይህን በየስብሰባው «እኔ የቀየስኩት ዘዴ» እያለ ያወራዋል። ገዳሙን ሲመጣ ራውተርና ምድጃ ለይቶ የማያውቀውን ሰው እጁን ይዤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ወንበሩ ግን ለሱ ሆነ፣ ይሁን፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ እህቴ። ያልጋነሽ ትባላለች፣ ታናሼ ናት፣ አዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። እናታችን እኔን የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ጎንደር ላለችው አክስታችን ሰጠችኝ፣ ያልጋነሽን አስቀረቻት። ለምን እኔን? ጠይቄ አላውቅም። አንዳንድ ነገር ለምኖ የተገኘ ዕለት ዋጋው ይወርዳል፣ ሊነግሩኝ የሚገባ እነሱ ናቸው ብዬ ጠበቅኩ፣ ፀጉሬ ሸበተ፣ አልነገሩኝም። በአባታችን ተዝካር ከጎንደር ሄጄ፣ ነጠላዬን አስቀምጬ፣ ከሴቶቹ ጋር ለመሥራት ጓዳ ልገባ ስል፣ ያልጋነሽ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት በሩ ላይ ቆማ «ተይ እታለም፣ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተቀምጠሽ ብዪ» አለችኝ። ሰው ሳቀ። በኋላ «ለክብሯ ብዬ ነው» ብላለች አሉ። እመኑኝ፣ ክብርንና ስድብን የሚለይ ጆሮ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን አላነሣሁም።

እናታችን ስታረጅ አዲ አርቃይ ያልጋነሽ ዘንድ ገባች። ከጥምቀት በፊት በነበረው ሳምንት አንድ የአዲ አርቃይ ሹፌር ቢሮዬ ድረስ መጣና፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እናትዎ ደክመው ጤና ጣቢያ ተኝተዋል፣ ትምጣ ብላለች ያልጋነሽ» አለኝ።

«ምነው፣ እሷ አፍ የላትም?» አልኩት።

«እኛ ጋ የሞባይል መስመር እኮ ከጠፋ ከረመ እትዬ። በጠረጴዛ ስልክ ብደውል አታነሣም ነው ያለችኝ።»

«ለጥምቀት ማግስት እመጣለሁ በላት» ብዬ ሰደድኩት። ሰበብ አልነበረም፣ ልሄድ ነበር፣ ቦርሳዬንም አውጥቼ ነበር፣ የከተራ ዕለት ግን ሥራ ነበረብኝ።

ሥራው ይህ ነው፤ ከደባርቅ በላይ ባለው ተራራ ማማ ተሸጋግሮ ወደ ቆላው የሚወርደውን የቆየውን የራዲዮ መንገድ ትተን፣ የመኪና መንገዱን ተከትሎ በተቀበረው አዲስ የፋይበር መስመር መተካት። እንዲህ ያለ ሥራ በሌላ አገር እኩለ ሌሊት ነው የሚሠራው ይላሉ፣ እኛ ጋ ግን ሌሊት ወላድ ትመጣለች፣ ሌሊት ስልኩ ሥራ አይፈታም፤ የጎንደር ኔትወርክ ከልቡ ጭር የሚለው ታቦት ሲወርድ ነው፣ የከተራ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲተም። ይህንንም ያወቅሁት እኔ ነኝ፣ ስንት ዓመት በዓሉን ቢሮ እያሳለፍኩ።

ገዳሙ ነጠላውን አጣፍቶ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ ቶሎ ይጨርሱና ይምጡ እንጂ፣ በረከቱ እንዳያመልጥዎ» አለኝ።

«እርስዎ ለሁለታችን ይቀበሉልኝ፣ የኔን ድርሻ መውሰድ ለምደውት የለ» አልኩት።

ሳቀ። የገዳሙ ክፋቱ ይህ ነው፣ ሲወጉት ይስቃል።

ሕንፃው ውስጥ ጥበቃው ከታች፣ እኔ ከላይ፣ ሌላ ሰው የለም። ኮምፒውተሬን እያዘጋጀሁ ሳለ የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ፣ በትንሿ መስኮቱ ላይ የአዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ቁጥር ወጣ። በበዓል ዋዜማ እዚያ ሆኖ ለኔ የሚደውል ማን ይኖራል፣ እሷ ናት፣ አልኩ። እጄ ሥራ ላይ ነው፣ አልኩ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፣ ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ ዝም አለ፣ ከዚያ በኋላ አልጮኸም። ተመስገን ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምኑን እንዳመሰገንኩ አትጠይቁኝ።

አዲሱን መንገድ ከፈትኩ፣ ያለ ምንም ችግር ተነሣ። ከዚያ መጠበቅ ነው። በአሮጌው መንገድ የነበረው ሁሉ እንደ አባቴ ቦይ እየጎደለ ሄደ፣ የዳባት ጨረሰ፣ የደባርቅ ጨረሰ፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጀመረ አንድ ትልቅ ፋይል ሲንፏቀቅ ቆይቶ እሱም አለቀ፣ በመጨረሻ አንዲት ጥሪ ብቻ ቀረች። ጠበቅኩ። ውጭ እልልታው እየራቀ ሄዶ የድምፅ ማጉያው መዝሙር ብቻ ቀረ፣ ፀሐይዋም መስኮቴን ለቀቀች፣ ያቺ አንዲት ግን አልቀነሰችም። በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከዚያም ከዚህም፣ ትናንሽ እሽጎች፣ ሳይዛነፉ፣ ልክ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ። እንዲህ የሚሄደው የሰው ንግግር ነው፣ ልምድ ነው፣ አይቼ እለየዋለሁ። በዚህ ሰዓት ይህን ያህል የሚያወራ ማን ነው ብዬ የጥሪዋን ሁለት ጫፍ ፈለግሁ። አንደኛው ጫፍ አዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ነው። ሌላኛው ጫፍ የኔው ስልክ ነው።

ዞር ብዬ አየሁት። እጀታው በቦታው ተቀምጧል፣ መብራቱም አልበራም።

ፕሮግራሙ ተሳስቷል አልኩ፣ የቆየ ነገር ሳይጠፋ ቀርቶ ነው አልኩ፣ እንደዚያ ያለ ስሕተት አይቼ ባላውቅም። የስልኩን ሽቦ ነቀልኩት። ያቺ ጥሪ አልተነቃነቀችም። ከተነቀለ ስልክ፣ ከኔ ጠረጴዛ፣ እሽግ እየወጣ ወደ አዲ አርቃይ ይሄዳል። ሽቦውን መልሼ ሰካሁት፣ ያውም መጀመሪያ ቀዳዳውን ስቼ።

በዚህ መሐል ገዳሙ በሞባይሌ ደወለ፣ ከበሮ ከኋላው ይሰማል።

«እስካሁን አልጨረሱም?»

«አንዲት ጥሪ ቀርታለች።»

«ለአንዲት ጥሪ ነው እንዴ! ይቁረጧታ! እኔ እኮ ተጠናቋል ብዬ ለበላይ ነግሬያለሁ።»

«እኔ ሳልጨርስ እርስዎ ጨርሰው ኖሯላ።»

«አይ ወይዘሮ ትርንጎ፣ እርስዎ ጡረታ ቢወጡ ምላስዎ አይወጣም!» አለና እየሳቀ ዘጋው።

ቆርጬ መሄድ እችል ነበር፣ ነጠላዬም በሩ ላይ ተሰቅሏል። ግን እጀታውን አነሣሁት።

መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሽ ነው፣ የደከመ፣ እየተቆራረጠ የሚወጣ። ከዚያ እናቴ። «ሸጋ ነኝ፣ ያልጋነሽ ሸጋ አድርጋ ይዛኛለች» ትላለች፣ የጀመረችውን እንደምትቀጥል ሰው፣ «አንቺ ግን ምነው እንዲህ ጠፋሽ፣ የኔ ትርንጎ?»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ሌላ ሰው ቀደመኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማ» አለች።

ድምፁ የኔ ነው። ሰው ድምፁ ተቀድቶ ሲሰማው የራሱ አይመስለውም፣ ይህ ግን እንደዚያ አልነበረም፣ ራሴ ስናገር ከውስጥ እንደምሰማው ነው፣ ብቻ እኔ በዚያ ዜማ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለስላሳ ነው፣ ቂም ያልነካው። ከድምፁ ኋላ መዝሙር ይሰማል። ጆሮዬን ከእጀታው አራቅ አድርጌ አዳመጥኩ፣ በመስኮቴ የሚገባው መዝሙር ራሱ ነው፣ ያው ቃል፣ ያው ቦታ ላይ። ቀጥሎ የወንበሬን ሲጥሲጥታ ሰማሁ። ያቺን ወንበር አውቃታለሁ፣ ወደ ኋላ ሲለጠጡባት በግራ በኩል ትጮኻለች፣ ስንት ዓመት ዘይት አጠጡልኝ ብዬ ያልሰሙኝ። እኔ ቆሜ ነበር። ወንበሯን አየኋት፣ ባዶዋን ናት፣ አልተንቀሳቀሰችም፣ በስልኩ ውስጥ ግን ደግማ ጮኸች።

«ከእህትሽ ታረቂ» አለች እናቴ።

«እታረቃለሁ እማ። ለፋሲካ እመጣና ድንጋይ ተሸክሜ ከእግሯ እወድቃለሁ።»

«አንቺ ታላቅ ሆነሽ?»

«ታላቅም ብሆን።»

እመኑኝ፣ እስከዚህ ድረስ ፈርቼ ነበር። ይህን ስሰማ ግን ፍርሃቱ ጥሎኝ ሄደ፣ በቦታው የመጣው ንዴት ነው። ማናት እሷ በኔ አፍ ይቅርታ የምትጠይቅ? በኔ ትከሻ ድንጋይ የምትሸከም? ይህን ሁሉ ዘመን ይዤ የኖርኩትን፣ ማን ፈቅዶላት ነው እንዲህ እንደ ዋዛ የምትጥለው? እናቴ «እንግዲያ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ጆሮሽን አምጪ» ስትል እየሰማሁ፣ በአንድ እጄ እጀታውን እንደያዝኩ፣ በሌላው አሮጌውን መንገድ ሰረዝኩት። ገዳሙ ይቁረጧት ስላለኝ አይደለም። ይህንንስ ለሱ አልሰጠውም፣ የራሴ ነው።

እጀታው ጭጭ አለ።

ወንበሬ ላይ ለመቀመጥ አልደፈርኩም፣ እንደቆምኩ የሥራውን ውጤት ከፈትኩ። ጥሪ እየተካሄደ መንገዱ ከተሰረዘ እሽግ መጥፋቱ አይቀርም፣ የጠፋውን ቁጥር ለማየት ልቤን አዘጋጅቼ ነበር፣ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው። የጠፋ እሽግ የለም ይላል። ዜሮ።

ያን ዜሮ እያየሁ ስልኩ ጮኸ። በአዲሱ መንገድ ነው የመጣው፣ እንደ ወጉ፣ መብራቱም በርቶ። የአዲ አርቃይ ቁጥር። በዚህኛው ጊዜ አነሣሁ።

«እታለም፣ እማ አረፈች» አለች ያልጋነሽ።

አፍታ ሳትቆይ ቀጠለች።

«እግዜር ይስጥሽ። አታነሣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ብታነሺ ደነገጥኩ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዤላት ቆየሁ፣ እስክትጨርስ ታገሥሽላት።»

«እስክትጨርስ?»

«አዎን። መጨረሻ ላይ ምን እንዳልሻት እንጃ፣ ፈገግ አለች፣ በቃ ቀለለኝ አለች፣ ዓይኗን ከደነች።»

«መሐል ላይ አልተቋረጠም?»

«ኧረ ምንም! ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። ምነው?»

«ምንም» አልኩ።

መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። «እኔ አይደለሁም» ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም። ጥበቃው በኋላ እንደነገረኝ መብራቱን ሳላጠፋ፣ በሩን ሳልቆልፍ ነው የወጣሁት።

በጥምቀት ማለዳ፣ ከተማው ጠበል ሊረጭ ሲሮጥ፣ እኔ ሊማሊሞን ቁልቁል እወርድ ነበር። ለቀብሩ ደረስኩ። ያልጋነሽ ለለቀስተኛው ሁሉ፣ ለመጣው ሁሉ፣ «እታለም እስከ መጨረሻ ትንፋሿ አነጋግራታለች፣ ድንጋይ እሸከማለሁ ብላ ቃል ገብታላታለች» እያለች ትናገራለች፣ አያ ተስፉ የሚባሉት የአባቴ ወንድም በምርኩዛቸው ተነሥተው «ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው አቀፉኝ። አንገቴን ደፋሁ፣ ሰው ሐዘን መሰለው። በተዝካሩ ዕለት እንግዳ ስባል የሳቁት አፎች ናቸው እዚያ ተሰብስበው ያመሰገኑኝ። ስንት ዓመት ይህን ቀን ስመኝ ኖሬ ነበር፣ ሲመጣ ግን የኔ አልነበረም፣ ስድቡ እንኳን የኔ ነበር።

ለቀስተኛው ሲቀንስ ወደ ግቢው ወጣሁ። ቃል የገባሁ እኔ ባልሆንም፣ ቃሉ በስሜ ነውና፣ ድንጋይ ልፈልግ ብዬ ነው፣ ያውም ትንሽ ትንሹን እያየሁ። ያልጋነሽ ተከትላኝ መጣች።

«ተይ እታለም። ቃሉ ለፋሲካ አልነበር? ደግሞም ታላቄ ነሽ፣ ባትሸከሚስ፣ መምጣትሽ ይበቃኛል።»

ቀለለኝ። እንደቀለለኝም አየችኝ መሰለኝ።

«ግን አንድ ነገር ንገሪኝ» አለች። «መጨረሻ ላይ በሹክሹክታ የነገረችሽ ምንድን ነው? ጎኗ ሆኜ አልሰማሁም።»

«ይቅር ተባባሉ ነው ያለችኝ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እሱንማ ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ እኔም ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለችሽን ነው።»

«አደራ ነው» አልኩ። አደራ ሲባል በኛ አገር ሰው አይጠይቅም፣ አውቄ ነው ያልኩት። የሟች አደራን የሚያህል ነገር ለውሸት መሸፈኛ አደረግሁት።

«እሺ እታለም፣ የፈቀድሽ ዕለት ትነግሪኛለሽ» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ጎንደር ተመልሼ የማውቀውን ሁሉ ፈተሽኩ። የተራራው ራዲዮ ተነቅሎ ወርዷል፣ በራውተሩ ውስጥም አሮጌው መንገድ የለም፣ ስሙ እንኳ የለም። ገዳሙ በስብሰባ ላይ «አንዲት እሽግ አልጠፋችም፣ ዜሮ! ይህ የቀየስኩት ዘዴ ነው!» ሲል አጨበጨቡለት፣ እኔም አጨበጨብኩ፣ የኔን ነገር በመውሰዱ ደስ ያለኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው፣ ያ ዜሮ በስሜ እንዲነገር አልፈልግም። ምክንያቱም ልብ ካላችሁ፣ በኛ ሥራ መሐል ቤት የሚባል የለም፣ ያልጠፋ እሽግ ደርሷል ማለት ነው። እናቴ በሹክሹክታ የተናገረችው፣ መንገዱን ከሰረዝኩት በኋላ ያለው ሁሉ፣ ደርሷል። የደረሰው ደግሞ የኔ ስልክ ላይ ነው። እጀታውን ይዤ የነበርኩ እኔ፣ ምንም አልሰማሁም።

ይህን እያሰብኩ ሰነበትኩ። ከአርባዋ በኋላ፣ ሞባይልም እዚያ ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ያልጋነሽ ደወለች፣ ድምፅዋ በለቅሶ ጎርንኗል።

«እታለም፣ ሳለቅስ ነው ያደርኩት፣ ግን ወጣልኝ። ትናንት ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ምን እንደነገርኳት ሳስብ እሷ ቀጠለች።

«ለአክስታችን ለምን አንቺን እንደሰጠች ባውቅ ኖሮ፣ ያንን የተዝካሩን ቃል ከአፌ ባላወጣሁ። እኔስ ምን አውቄ፣ አንቺም እኮ አላወቅሽም ነበር፣ አይደል? ስንቱን ዘመን በከንቱ!»

«ምን...» ብዬ ጀምሬ ተውኩት። ምን ነገርኩሽ ብዬ ብጠይቃት፣ የከተራ ዕለት ስልኩን እያየሁ ያላነሣሁ መሆኔን መንገሬ ነው። ያንን ለማወቅ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁትን ነገር እህቴ ታውቀዋለች፣ ከጆሮዬ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፣ ልጠይቃት አልችልም።

«ምን አልሽኝ እታለም?»

«ምንም። ደህና ሁኚ ነው ያልኩሽ።»

«ደግሞ ምነው እስኪመሽ ቢሮ? በጤና ጣቢያው ስልክ ስትደውዪልኝ ወንበርሽ ከኋላሽ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። በዕድሜሽ እንኳ ዕረፊ እንጂ።»

«እሺ» አልኳት። ደወልሽልኝ ባለችኝ ዕለት ቢሮ አልዋልኩም፣ ጉንፋን ይዞኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር።

ወንበሯን ቀይሩልኝ ብዬ ጠየቅሁ፣ ቀየሩልኝ፣ አሮጌዋ ኮሪደር ላይ ከሌላው ዕቃ ጋር ተቆልላለች፣ ሳልፍ አላያትም። እጀታውን አንዳንዴ አነሣዋለሁ፣ የሚሰማኝ የመደወያው ድምፅ ብቻ ነው። ገዳሙ እንኳ «ምነው ወይዘሮ ትርንጎ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» ብሎኛል፣ በዚያች ቀን አልሳቀም።

ፋሲካ እየቀረበ ነው። ብሄድ በየትኛው ፊቴ፣ ብቀር ደግሞ ቃሉ አለ። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን እኔ ብቀር ያቺ በድምፄ የምትናገረው የምትቀር ስለማይመስለኝ ነው። ዘግይቼ ስደርስ፣ ከጓዳ የሁለት ሴቶች ሳቅ እየተሰማ፣ አንድ ድንጋይ ደጃፉ ላይ ወርዶ ተቀምጦ፣ ያልጋነሽ እጇን እያደራረቀች ብቅ ብላ ፊቴን አይታ፣ «ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ፣ እንግዳ ነዎት?» እንዳትለኝ እፈራለሁ።